ከመጠምጠም መማር ይቅደም



ሰሞኑን ከግጥም የራቅሁበትን ምክንያት የጠየቃችሁኝ ጥቂት አይደላችሁም። አንድ ወዳጄማ «ገጣሚን ከራውተር ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ከልቡ ስቆብኛል። አልፈረድሁበትም። ኦቶና፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳትርቅ ባለችው የኪራይ ክፍሌ፣ የግጥም ደብተሬ በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ዛሬ የኬብል መቆንጠጫ ክሪምፐር፣ የተቆራረጡ ባለቀለም ሽቦዎች፣ አንድ ያረጀ ስዊችና ከእርሱ የባሰ ያረጀ ራውተር ሰፍረውበታል። ቀን ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ የኔትወርክ አድራሻ እከፋፍላለሁ። ሲ.ሲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን የሲስኮ ኩባንያ ፈተና ልቀመጥ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ግን የፈተና ወሬ ላወራችሁ ብዬ አይደለም። ለብዙ ዓመታት አብሮን ስለኖረ፣ እኔንም ስላሳደገኝ፣ አሁን ደግሞ በሬን ስላንኳኳ አንድ ልማድ ልናገር ነው። አቋሜን ከወዲሁ ላስታውቅ፦ እጅ የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ብሎ የሚመሰክር ወረቀት፣ የሌላውን ሰው ግጥም በራስ ስም ከማንበብ አይሻልም። እንዲያውም ይብሳል። የተሰረቀ ግጥም የሚጎዳው ባለቤቱን ነው፤ ባዶ ወረቀት ግን የማያውቀንን ሰው ይጎዳል።

ለዚህ ያበቃኝን ነገር ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። በምሠራበት ቅርንጫፍ አዲስ ገመድ ተዘርግቶ ነበር፤ ከግድግዳው ሳጥን እስከ እኛ መስኮት ድረስ። ገመዱ በተዘረጋ ማግስት አንድ እንግዳ በሽታ ያዘን። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ሁሉም ነገር ይሠራል። ረፋዱ ላይ፣ ሰልፉ ሲረዝምና ሁላችንም አንድ ላይ መሥራት ስንጀምር፣ ኮምፒውተሮቹ ይዝላሉ፤ ገጹ ግማሽ መንገድ መጥቶ ይቆማል። ያን ጊዜ በአገራችን ባንክ ቤት የገባ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ቃል እንናገራለን፦ «ሲስተም የለም።» በዘመናችን ከተደረሱት አሳዛኝ ስንኞች ሁሉ አጭሯ ይህች ሳትሆን አትቀርም።

በዚያ ሰልፍ ላይ አንድ አባት ነበሩ። ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው ሆስፒታሉ ተኝቷል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በ1920 ዓ.ም. ወደ ወላይታ ከመጡ በኋላ በኦቶና የተጀመረው የሕክምና ሥራ ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ትልቅ ሆስፒታል ሆኗል፤ ከወላይታ ብቻ ሳይሆን ከዳውሮም ከጋሞም ከጎፋም በሽተኛ ይመጣበታል። የበሽተኛው ገንዘብ ደግሞ ያለው እኛ ዘንድ ነው። እኒያ አባት መድኃኒት እንዲገዙ የታዘዘበትን ወረቀት በሁለት ጣታቸው ይዘው መስኮቴ ስር ቆሙ። «ልጄ፣ ገንዘቡ የእኔ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «የእርስዎ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። «ታዲያ ማን ከለከለኝ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። አሥር ዓመት ያህል በተቀመጥሁበት ወንበር ላይ እንደዚያ ቀን ከንቱ ሆኜ አላውቅም።

ችግሩን እንዲፈታ የተጠራው ወጣት የምስክር ወረቀት ያለው ነው። ትሑትና ቅን ሰው ነበር፤ ክፉ ልለው አልችልም። መፈተሻውን፣ ቴስተር የምንለውን፣ ከገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ሰካ። መብራቶቹ ከአንድ እስከ ስምንት ተራ በተራ በሩ። «ገመዱ ጤነኛ ነው» አለ። ስዊቹን አጠፋና አበራ፤ ኮምፒውተሮቹንም እንዲሁ። ረፋድ ላይ በሽታው ተመለሰ። እርሱም ስልክ ሲደውል ዋለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጎልማሳ የገመድ ሠራተኛ መጡ። ወረቀት ይኑራቸው አይኑራቸው የጠየቃቸው የለም። የገመዱን ጫፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው የሽቦዎቹን ቀለም ለአፍታ ተመለከቱና «ጥንዶቹ ተፋትተዋል» አሉ። ሁለቱንም ጫፍ ቆርጠው እንደገና አሠሩት። ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀባቸውም። ሲስተሙ መጣ፤ ከዚያ ወዲያም አልሄደም።

እኒያ አባት በመጀመሪያው ቀን ከዘመድ ተበድረው መድኃኒቱን መግዛታቸውን በኋላ ሰማሁ። ልጁም ድኖ ወጥቷል። ግን ዘመድ ባይኖራቸውስ? ይህ ጥያቄ ነው ክሪምፐር ያስገዛኝ።

«ጥንዶቹ ተፋትተዋል» የምትለዋን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለገጣሚ ጆሮ እንዲህ ያለ አነጋገር በቀላሉ አይተውም። ኋላ ስማር ምሥጢሩ ገባኝ። በኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እየተጠማዘዙ አራት ጥንድ ይሆናሉ። የተጠማዘዙት ያለ ምክንያት አይደለም። የስልክን ሥራ የጀመረው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1881 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያወጣበት ብልሃት ነው፦ ሁለት ሽቦዎች ተጠማዝዘው ሲሄዱ ከውጭ የሚመጣው ሁካታ ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል፤ በመድረሻው ላይ የሚነበበው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለሆነ ሁካታው እርስ በርሱ ይጣፋል። የጫፉ አሠራር ቅደም ተከተል ደግሞ የታወቀ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ልብ ብላችሁ እዩት፤ አረንጓዴው ጥንድ ሰማያዊውን ጥንድ መካከል አስገብቶ ወዲያና ወዲህ ቆሟል። ይህን የማያውቅ ሰው «ለምን ይለያያሉ? እያንዳንዱ ከጓደኛው አጠገብ ይሁን» ብሎ በቀለም በቀለም ይደረድራቸዋል። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ ካደረገ መፈተሻው ስህተቱን አያይም፤ ሽቦው ከአንድ ወደ አንድ፣ ከሁለት ወደ ሁለት ደርሷልና ስምንቱም መብራት ይበራል። ነገር ግን አንዱን መልእክት መሸከም የነበረባቸው ሁለት ሽቦዎች ከተለያዩ ጥንዶች የመጡ ናቸው፤ መጠማዘዙ አይጠብቃቸውም። ጭነት ሲበዛ መልእክቱ በሁካታ ይዋጣል።

መፈተሻው ሁሉን አልፏል ይላል፤ ገመዱ ግን ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ የአገራችንን ትምህርት ባሰብሁ ቁጥር ይህ ገመድ ፊቴ ላይ ይመጣል።

ፈተናው ምን እንደሚመስል በአጭሩ ልግለጽ። ጊዜው 120 ደቂቃ ነው። ከተመደበው ክብደት ሩቡ፣ ማለትም 25 በመቶው፣ መልእክት ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው መንገዱን ስለሚያገኝበት ዘዴ ነው፤ ቀሪው ስለ መሠረታዊ ዕውቀት፣ ስለ ስዊች፣ ስለ አገልግሎቶች፣ ስለ ጥበቃና ስለ አውቶሜሽን ነው። ያለፉትን ጥያቄ ተመልሶ ማረም አይፈቀድም። ከምርጫ ጥያቄዎች ሌላ ተፈታኙ ራሱ ትእዛዝ እየጻፈ የሚሠራቸው የተግባር ጥያቄዎችም አሉበት። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው ለ3 ዓመት ነው። ከዚህ ከፍ ሲል ሲ.ሲ.አይ.ኢ. የሚባለው አለ፤ የእርሱ ተግባራዊ ፈተና 8 ሰዓት ሙሉ የሚፈጅ ነው። ፈተናውን ያወጡት ሰዎች ወረቀትን ብቻ ማመን እንደማይቻል ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል ማለት ነው።

የእኔ ዝግጅት ያስተማረኝ ትንንሽ ነገሮች አሉ። የሲስኮ ራውተር በሮች እስኪከፈቱ ድረስ ዝግ ናቸው፤ «ኖ ሻትዳውን» የምትባለውን ትእዛዝ ካልሰጣችኋቸው ሌላው ሁሉ ትክክል ቢሆንም ምንም አያልፍም። ይህን ሃያ ጊዜ አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን አንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት ሙሉ «ምን አጠፋሁ?» እያልሁ ከደከምሁ በኋላ ነው። ሌላም አለ። የምትሠሩት ሥራ ካላስቀመጣችሁት በስተቀር የሚኖረው መብራት ሲጠፋ አብሮ በሚጠፋ ማኅደር ውስጥ ነው። ይህንንም አንብቤው ነበር። ሰፈራችን መብራት በጠፋበት ማታ የሦስት ሰዓት ሥራዬ እንደ ጤዛ ሲተን ነው ያመንሁት። በወረቀት ላይ ሳላሰፍራቸው እንቅልፍ የወሰደኝ ስንኞች ሁሉ ያን ማታ ትዝ አሉኝ።

አሁን ወደ በሬ ስላንኳኳው ልማድ ልምጣ። ፈተናውን ልቀመጥ መሆኔን የሰማ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም አንድ ፋይል ላከልኝ። «ዳምፕ» ይሉታል፤ ከፈተና ክፍል ተሰርቀው የወጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የተከማቹበት ነው። «ራስህን አታድክም፤ ይህንን ሸምድድ፤ ታልፋለህ» አለኝ። ክፋት አስቦ አይደለም፤ አዝኖልኝ ነው።

የማዘኑን ምክንያት ልሸፍንለት አልፈልግም። የፈተናው ዋጋ 300 ዶላር ነው። አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ 17 ሺህ ብር ገደማ ይሆን ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለእንደ እኔ ያለ ሠራተኛ ይህ ቀልድ አይደለም። የእኔ ክፍያ ባለቤቴ ስትጥል የከረመችው የዕቁብ ገንዘብ ነው፤ ብወድቅ የሚወድቀው እኔ ብቻ አይደለሁም። መሣሪያ የለም፤ መብራት ይጠፋል፤ መምህር በቅርብ አይገኝም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው «አትሸምድድ» ብሎ መስበክ ለጠገበ ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ ለሸመደዱት ሁሉ ድንጋይ አላነሣም። እኔም ፋይሉን ከፍቼዋለሁ። አርባ ያህል ጥያቄ አነበብሁ። በማግስቱ ራሴን ስፈትን አብዛኞቹን መለስሁ፤ ለምን መልስ እንደሆኑ ግን የአንዱንም ማስረዳት አልቻልሁም። መብራቶቼ ከአንድ እስከ ስምንት በሩ፤ ጥንዶቼ ግን ተፋትተው ነበር።

ይህ ስሜት ለእኔ አዲስ አልነበረም። የእኔ ትውልድ የፕላዝማ ትውልድ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተሰቀለውን፣ ከደቡብ አፍሪካ በሳተላይት ይሠራጭ የነበረውን ትምህርት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር አሲድና ቤዝ ያቀላቅላል፤ ቀለሙ ይለወጣል፤ «አሁን እናንተ ሞክሩ» ይለናል፤ እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን ጠረጴዛ ላይ አድርገን እናያለን። ጥያቄ ብንጠይቀው አይሰማም። ኮምፒውተርንም የተማርሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎ ነው። በፈተናው ላይ ግን «ማውስ ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ!

መሸምደድ ሥር ሲሰድ ወዴት እንደሚያደርስ አገር ያየው ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የብሔራዊ ፈተናው ወረቀት በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰረዘ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑ፣ በጥር ወር የተነገረው ውጤት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳየ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ልጆቹን ወቀሰ። እኔ ግን መፈተሻው ስለተለወጠ ነው እላለሁ። ገመዱ ድሮም የተፋታ ነበር፤ እስከዚያ ቀን መብራቱን ብቻ እያየን «ጤነኛ ነው» ስንል ኖረን ነው።

«ታዲያ ቃል በቃል መያዝ የአባቶቻችን ትምህርት አይደለምን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ነው እንጂ! ዳዊት በቃል ይደገማል፤ ዜማ በቃል ይያዛል። የገመዱንም ስምንት ቀለም ያለ ቃል ጥናት መያዝ አይቻልም። ሆኖም የአባቶቻችን ትምህርት ዳዊት ላይ አልቆመም። ቅኔ ቤት አለ። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ቃል በቃል ቢያውቅ ባለሙያ አይባልም። ከሰው ተለይቶ ዱር ገደሉን ተጠግቶ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያም መጥቶ በመምህሩ ፊት ይናገራል፤ ይታረማል፤ ሲሳሳት ይመለሳል። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ሳይችል ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ አይሞክርም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ቢያመጣ ወይም የባልንጀራውን ቢዋስ ጉባኤው ያውቀዋል። በዓለም ላይ የተግባር ፈተና ከሚባሉት ውስጥ ከዚህ የጠበቀ አለ ብዬ አላምንም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ተረት ያወረሱን እነርሱ ናቸው። ሰምና ወርቅ የሚለውን ያስተማሩንም እነርሱ ናቸው። የምስክር ወረቀት ሰም ነው፤ ወርቁ እጅ ነው። ወርቅ የሌለው ሰም ምን ሊባል እንደሚችል ለዚህ ገጽ አንባቢ አልነግርም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ሚኒስትር አይደለሁም፤ የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። ሠራተኛ የሚቀጥር ሁሉ የወረቀቱን ማኅተም ከማየቱ በፊት የተበላሸ ገመድ ለአመልካቹ ይስጠውና «ፈልግና ንገረኝ» ይበለው፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ኮሌጆቻችን ስለ ራውተር ሃምሳ ገጽ ከሚያስገለብጡ፣ አንድ አሮጌ ራውተር አምጥተው ተማሪው እስኪያበላሸውና እስኪጠግነው ይተዉት። መሣሪያ ለሌለው ደግሞ ሲስኮ ለተማሪዎች በነጻ የሚሰጠው ፓኬት ትሬሰር የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ራውተርና ስዊች በኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ያሠራል። ኮምፒውተር ለሌለውም እርሳስ አለ። 192.168.10.0 የሚለውን ኔትወርክ እኩል ለአራት ክፈሉ ብትባሉ፣ እያንዳንዱ ክፍል 64 አድራሻ ይደርሰዋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለመሣሪያ ስለማይሰጡ የሚቀረው 62 ነው። ለዚህ መብራት አያስፈልግም። እኔ ይህን ስሌት የተለማመድሁት ምሳ ሰዓት ላይ፣ በተጣለ የገንዘብ መክፈያ ቅጽ ጀርባ ነው።

ሶዶ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና መሥሪያ ቤቶች በዝተውባታል፤ ሁሉም በገመድ የተያያዙ ናቸው። ገመድ በተበጠሰ ቁጥር ከአዲስ አበባ ሰው እስኪመጣ የምንጠብቅ ከሆነ ግን ያገኘነው ኔትወርክ አይደለም፤ ረጅም ሰልፍ ነው። በዳሞታ ግርጌ ያደጉ ልጆች የዳሞታን ግርጌ ገመድ የሚጠግኑ እጆች ይኖሯቸው ዘንድ እመኛለሁ። ለልጅ ወላጅ የሚቆረቆረውን ያህል ለገመድ የሚቆረቆር ሰው በየከተማው አንድ እንኳ ቢገኝ፣ መስኮት ስር ቆሞ «ማን ከለከለኝ?» የሚል አባት ቁጥር ይቀንሳል።

ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ። ይህን የምላችሁ ለመመስገን አይደለም፤ ባጠፋሁት ማግስት መጸጸቴንም ጭምር ልንገራችሁ ብዬ ነው። ልወድቅ እችላለሁ። ከወደቅሁ ለባለቤቴ ምን እንደምላት አላሰብሁበትም፤ እርሷ ግን ነገሩን ስነግራት «እኔ ዕቁብ የጣልሁት ለወረቀት ነው እንዴ?» ብላ ዝም አለች። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ አንድ ገመድ አሠርሁ። መፈተሻውን አላመንሁትም፤ ጫፉን ወደ ሻማው አዙሬ ቀለሞቹን በዓይኔ ቆጠርሁ። አረንጓዴው ሰማያዊውን አቅፎት ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ የከረመውን ደብተሬን ከፍቼ ይህችን ጻፍሁ፦

ቢበራም መብራቱ ተራ በየተራ፣
ጥንዱ ከተፋታ ገመዱ አይሠራ፤
ወረቀት ቢናገር ማኅተም ቢያበራ፣
እጅ ካልመሰከረ ባዶ ነው አዝመራ።

ቸር ይግጠመን።